አንድ ፈቃድ፣ ዐሥር ዓመት

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ነበርን። ቶናው ሲቀዳ የቤቱ ልጅ ሳሎን ውስጥ የ«ስታር ዋርስ» ፊልሞችን ጌም ከፈተ። ቴሌቪዥኑ ላይ የጌም አሳታሚው የኤሌክትሮኒክ አርትስ አርማ ብቅ ሲል ጭቅጭቁ ተጀመረ።

«እነዚህ ሰዎች ዐሥር ዓመት ሙሉ አቃጥለውናል» አለ አንዱ። ከልጅነቱ ጀምሮ ጌም ከእጁ ያልተለየ ሰው ነው።

«ምን አደረጉህ?» አለው ሒሳብ ሠራተኛው። «ከፍለው ፈቃድ ወሰዱ፣ ጌም ሠርተው ሸጡ። በቃ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲዝኒ በፈረንጆቹ 2012 የ«ስታር ዋርስ» ባለቤት የሆነውን ሉካስፊልምን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። በኤፕሪል 2013 ጌም የሚሠራውን ክፍል፣ ሉካስአርትስን፣ ዘጋው። «ስታር ዋርስ 1313» የሚባል ብዙ ተስፋ የተጣለበት ጌምም መንገድ ላይ ቀረ። ከአንድ ወር በኋላ የኮንሶል (ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው መጫወቻ) እና የኮምፒውተር ጌሞቹን የመሥራት የዐሥር ዓመት ብቸኛ ፈቃድ ለኤሌክትሮኒክ አርትስ ተሰጠ። ለሞባይል የሚሆኑትን ቀላል ጌሞች ዲዝኒ ለራሱ አስቀረ።

ጌመኛው አልበረደም። «እኔ ልጅ እያለሁ የዚህ ፊልም ጌም በሽ በሽ ነበር። በ1993 ‹ኤክስ ዊንግ›፣ በ1994 ‹ታይ ፋይተር› ወጣ። በ2003 ደግሞ ያ ባዮዌር የሚባለው ስቱዲዮ የሠራው ‹ናይትስ ኦቭ ዘ ኦልድ ሪፐብሊክ›። ከፈቃዱ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት ግን ከእነሱ ለኮንሶል ያገኘነው ትልቅ ጌም ሁለት ‹ባትልፍሮንት› ብቻ ነው። የ2015ቱ ደግሞ ብቻህን የምትጫወተው ታሪክ እንኳን አልነበረውም።»

«እሱኑ ጌም እኮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ14 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ለገበያ አቅርበዋል። ሰው ካልወደደው ማን ገዛው?»

«ሰው የገዛው ስሙን ነዋ!»

ከዚያ ጌመኛው የ2017ቱን «ባትልፍሮንት» አነሳበት። እኔም እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ያን ሰሞን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ለጌሙ 60 ዶላር ከከፈልክ በኋላ የፊልሙን ዝነኛ ክፉ ገጸ ባሕርይ ዳርት ቬደርን ለማግኘት 60,000 ነጥብ ማጠራቀም ነበረብህ። ተጫዋቾች ሲያሰሉት 40 ሰዓት ገደማ ጨዋታ ሆነ። ጎኑ ላይ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ሎት ቦክስ አለ፤ ውስጡ ምን እንዳለ የምታውቀው ከከፈልክ በኋላ ነው። ኩባንያው ሬዲት በሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ማብራሪያ ሲጽፍ ከ600,000 በላይ ተቃውሞ ተሰበሰበበት። በድረ ገጹ ታሪክ እንደዚያ የተጠላ መልስ አልነበረም። ጌሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው በእውነተኛ ገንዘብ የሚደረገውን የሎት ቦክስ ሽያጭ አነሱት። በዚያው ዓመት ሌላ የ«ስታር ዋርስ» ጌም እየሠራ የነበረው የኩባንያው ቪሰራል ስቱዲዮም ተዘጋ።

እስካሁን ዝም ብላ የቆየችው የሕግ ባለሙያዋ ስኒዋን አስቀመጠች። «የምትወቅሱት ሰው ተሳስቷችኋል። ብቸኛ ፈቃድ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው እኮ ሌላው እንዳይገባበት ነው። በሩን የዘጋው ባለቤቱ ነው። የዲዝኒ የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቦብ አይገር በ2019 ሲናገር፣ ጌም ራሳችን ማሳተም ላይ ጎበዝ አይደለንም፣ ፈቃድ መስጠት ይሻለናል፣ ብዙ ካፒታልም አይጠይቅም ብሏል። ባለቤቱ የሚፈልገው ድካም የሌለበት ገቢ ነበር።»

«እሺ አንቺ፣ እነሱ ንጹሕ ናቸው ልትይን ነው?» አላት ጌመኛው።

ልጁ ከጨዋታው ዞር ሳይል «ይሄስ የማን ነው?» አለ።

የሚጫወተው የ2019ኙን «ጄዳይ፡ ፎልን ኦርደር» ነበር። ሪስፖን የሚባለው ስቱዲዮ የሠራው፣ ሎት ቦክስ የሌለበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታሪክ ያለው ጌም። ያሳተመውም ያው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ነው። ሒሳብ ሠራተኛው ፈገግ አለ። ጌመኛው መልስ አልነበረውም። ጥሩ ጌም መሆኑን ከማናችንም በላይ ያውቃል።

እኔ በዋናው ነገር ከሕግ ባለሙያዋ ጋር ነኝ። ፊልም ለጌም አሳታሚ በፈቃድ መስጠት በራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ «ብቸኛ» የምትለው ቃል ናት። ያቺ ቃል ስላለች በ2017 የተናደደ ተጫዋች የሚሄድበት ሌላ ቤት አልነበረውም። አሳታሚውም ይህን እያወቀ ነው ያን ዋጋ የለጠፈው። ስለዚህ እሱንም ነጻ አላወጣውም።

በጃንዋሪ 2021 ዲዝኒ በሩን ከፈተ። ሌላው አሳታሚ ዩቢሶፍትም ፈቃድ አገኘ፤ «አውትሎውስ» የሚለው ጌሙ በ2024 ወጣ። ሽያጩ እንደታሰበው አልሆነም። ግን ያልወደደው ሰው በ2023 የወጣውን «ጄዳይ፡ ሰርቫይቨር»ን ገዝቶ መጫወት ይችል ነበር። ድሮ ይህ ምርጫ አልነበረም።

እኔን ዛሬም የሚቆጨኝ «1313» ነው። በ2012 ሲያሳዩት ያየሁት ያ የከርሰ ምድር ከተማ ከዓይኔ አልጠፋም። ሠሪዎቹ ሲበተኑ ፈቃዱ በአንድ እጅ ብቻ ገባ፤ ሌላ አሳታሚ አንስቼ ልጨርሰው ቢል እንኳን አይችልም ነበር።