ድምፅ እያለው የጠቆረ ቴሌቪዥን አልሞተም

«ዋስትናው ባለቀ በወሩ ጠቆረ። ቀን ቆጥሮ እንዲበላሽ ነው የሚሠሩት፤ ስክሪኑ ከሄደ ደግሞ መጣል ነው» ላልከው ወንድሜ፣ እባክህ እንዳትጥለው!

ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ብቻ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ስክሪኑ ሳይሆን ከጀርባው የሚያበሩት ትንንሽ የኤልኢዲ አምፖሎች (ባክላይት) ናቸው። በተከታታይ ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ በሙሉ ይጨልማል። የሚጎዳቸውም ሙቀት ነው እንጂ ቀን ቆጣሪ አይደለም። ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍተን ቀኑን ሙሉ ስናበራው ቶሎ ያረጃሉ።

ዛሬ ማታ ክፍሉን አጨልም። ቴሌቪዥኑን ክፈትና የስልክህን መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግተህ ከጎን አብራበት። የእናቴ ቴሌቪዥን እንዲህ ሲሆን የዜና አንባቢው ፊት እንደ ጥላ ታየን። እንደዚያ ደብዛዛ ምስል ካየህ ስክሪኑ ደህና ነው።

ራስህ ግን አትፍታው፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቆያል። መርካቶም ሆነ ፒያሳ ጥገና ቤት ስትወስደው «ባክላይቱን እይልኝ» በል። የተቃጠለችውን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ይቀይርልህ፣ የቀሩትም እኩል አርጅተዋል። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ወጪው አያዋጣህም።