ይድረስ ለክቡር «ምንጭ የለውም»

ከሁሉ በማስቀደም የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? ዓይንዎስ? ሌሊቱን ሙሉ የዊኪፔዲያ «የቅርብ ለውጦች» ገጽ ላይ አፍጥጦ ማደር ዓይን ይጎዳል ይባላል። ምንጭ የለኝም፤ ይቅርታ።

እውነተኛ ስምዎን ስለማላውቀው በሥራዎ ጠርቼዎታለሁ። ዊኪፔዲያ ላይ አንድ አላፊ አግዳሚ ገብቶ የተሳሳተ ዓመት ሲያስተካክል፣ ገና ገጹን ሳይዘጋው እርማቱን የሚያጠፉበት እርስዎ ነዎት። ማብራሪያዎ ሁሌም አንድ ነው፦ «ምንጭ የለውም።» ሰላምታ የለ፣ ምን ጎደለ የለ። የተሳሳተው ዓመት ተመልሶ ቦታው ላይ ጉብ ይላል። እሱም ምንጭ የለውም እኮ! ግን ቀድሞ ስለተቀመጠ ነባር ነዋሪ ሆኗል።

አይቀየሙኝ፤ ጥበቃ አያስፈልግም አላልኩም። ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት ኢንሳይክሎፒዲያ ከተከፈተ ከእ.ኤ.አ. 2001 ጀምሮ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታትና ወራት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስንቱ ባለጌ የስድብ ግድግዳ ሊያደርገው እንደሞከረ ይታወቃል። አለመፍረሱ በራሱ ይገርማል። እንዲያውም በ2005 ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት 42 የሳይንስ ጽሑፎችን ብሪታኒካ ከተባለው ነባር ኢንሳይክሎፒዲያ ጋር አስተያይቶ፣ በአንድ ጽሑፍ በአማካይ ዊኪፔዲያ ላይ 4 ያህል፣ ብሪታኒካ ላይ 3 ያህል ስህተት አገኘ። ብሪታኒካ ውጤቱን አልቀበልም ብላ ተሟግታለች። ቢሆንም ደመወዝ ለማይከፈላቸው ሰዎች ሥራ ይሄ የሚያሳፍር ውጤት አይደለም።

እኔን ያልገባኝ የጥበቃዎ ዓይነት ነው። በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ የመጪውን መታወቂያ ያያሉ፤ የተሸከመውን ሻንጣ ግን አይከፍቱም። ስድብ የሚጽፈውን ሮቦቱም፣ ማለትም ራሱን ችሎ የሚሠራው ፕሮግራም፣ በሰከንዶች ይይዘዋል። ሱፍ ለብሶ፣ የግርጌ ማስታወሻ ደርድሮ የመጣ ውሸታም ሲያልፍ ግን እርስዎ ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ።

ማስረጃ ይፈልጋሉ አይደል? በደስታ። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ሰው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሕንድ ውስጥ ፖርቹጋሎችና የአገሩ ሰዎች የሆኑት ማራታዎች ተዋጉ ብሎ ረዘም ያለ ጽሑፍ ጻፈ። «የቢቾሊም ጦርነት» ብሎ ሰየመው። መነሻው አለ፣ ውጊያው አለ፣ የሰላም ስምምነቱ አለ፣ ግርጌው በመጻሕፍት ስም የታጀበ ነው። የሌለው ነገር አንድ ብቻ ነው፦ ጦርነቱ። እንደዚያ የሚባል ጦርነት አልተካሄደም። በግርጌ የተጠቀሱትን መጻሕፍት ፈልጎ ያገኘም የለም። እናም የእርስዎ ወገኖች ምን አደረጉ? በወራት ውስጥ «ጥሩ ጽሑፍ» የሚል ማዕረግ ሰጡት! አንድ ተጠራጣሪ ተነስቶ በ2012 መጨረሻ እስኪያስጠፋው ድረስ አምስት ዓመት ተከብሮ ኖረ። በነዚያ አምስት ዓመታት ስንት አያቱን የሚያውቅ ሰው የአያቱን የልደት ዓመት ሊያርም መጥቶ በሁለት ቃል እንደተባረረ እግዜር ይወቀው።

የቻይንኛው ዊኪፔዲያ ደግሞ የባሰ ጉድ አለበት። አንዲት ሴት የመካከለኛው ዘመን የሩሲያን ታሪክ ከጭንቅላቷ እያፈለቀች ከ200 በላይ ጽሑፎች አስገባች። ዓመታት አለፉ። ማንም አልነቃም። በ2022 ነቄ ያለባት ስለ ጉዳዩ ማንበብ የፈለገ አንድ ደራሲ ነው እንጂ ጠባቂ አይደለም። እንግዲህ በሬ ወለደ ለማለት እንኳ ምንጭ መጥቀስ ከቻሉ በሬው ይወልዳል ማለት ነው።

የምወደው ታሪክ ግን የአዋልዲጌሳው ነው። በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ ስለሚባለው የደቡብ አሜሪካ እንስሳ በሚያወራው ገጽ ላይ፣ ለጨዋታ ያህል፣ «የብራዚል አዋልዲጌሳ» ተብሎም ይጠራል ብሎ ጨመረ። አዋልዲጌሳ ከአፍሪካ ውጭ የለም፤ ከኮአቲ ጋርም ዝምድና የላቸውም። ልጁ ይህን ስም ከኪሱ ነው ያወጣው። ቀን አለፈ፣ ጋዜጠኞች ከገጹ ቀዱት። ከዚያ አንዱ መጥቶ የጋዜጣውን ጽሑፍ ለገጹ ምንጭ አድርጎ አስገባው። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ! እርስዎም ምንጩን ሲያዩ ልብዎ ረካ። ቀልዱም መታወቂያ አገኘ።

ምንጭ ከሌለውስ ጋር ሁሌ ጨካኝ ነዎት? እሱም አይደለም። በ2005 ጆን ሲገንታለር የተባሉት አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲና በወንድማቸው በሮበርት ግድያ እጃቸው አለበት ተብለው ነበር የሚል ነገር የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ተጻፈ። ሰውየው የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበሩ፣ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ጸሐፊው ኋላ ሲጠየቅ በሥራ ባልደረባው ላይ ሙድ ለመያዝ ነው አለ። ይህ ስም ማጥፋት አራት ወር ያህል ተቀምጧል። ያን ጊዜ የት ነበሩ ክቡር? ዓመተ ምሕረት ላይ ነበሩ መሰለኝ።

ደግሞ የሚያውቀውን ሰው ማባረር ላይ ማን ይደርስብዎታል? ደራሲው ፊሊፕ ሮዝ በ2012 አንድ ልብ ወለዱ በማን ሕይወት ላይ ተመሥርቶ እንደተጻፈ ዊኪፔዲያ ተሳስቷል ብሎ እንዲስተካከል ጠየቀ። የተሰጠው መልስ ሲጠቃለል እንዲህ ነው፦ ደራሲ ስለ ሥራው ከማንም በላይ እንደሚያውቅ ይገባናል፤ ግን ሌላ ሰው የጻፈው ምንጭ ያስፈልገናል። ሮዝም ምን አደረገ? ለዊኪፔዲያ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ በኒው ዮርከር መጽሔት ድረ ገጽ ላይ አወጣው። ወዲያው ደብዳቤው ምንጭ ሆነ! ያው ሰው፣ ያው ቃል። ልዩነቱ መጽሔት ማውጣቱ ብቻ ነው።

ለእርስዎ እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ጋ ትንሽ እራራልዎታለሁ። ስክሪን ማዶ «እኔ ሮዝ ነኝ» የሚለው ሰው ሮዝ ይሁን ቀበኛ በምን ያውቃሉ? በዚያው ዊኪፔዲያ የሃይማኖት ትምህርት ፕሮፌሰር ነኝ እያለ ሲከራከር የኖረ አርታኢ በ2007 ሲጣራ የ24 ዓመት ወጣት ሆኖ ተገኝቷል። ዶክትሬቱ? ወፍ የለም። ስለዚህ «ማን ነህ» ሳይሆን «የት ተጻፈ» ብሎ መጠየቁ ብልህነት ነው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ግን ምንጭ ጠይቁ እንጂ ምንጩን አታንብቡ አላሉም።

ዶና ስትሪክላንድ የተባለችውን የፊዚክስ ሊቅ ያስታውሳሉ? በግንቦት 2018 ስለ እሷ የቀረበ ረቂቅ ጽሑፍ፣ የተጠቀሱት ምንጮች ታዋቂነቷን አያሳዩም ተብሎ ተመለሰ። በጥቅምት 2018 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘች። ገጽ ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው።

እሺ፣ ቅር ያለው ሰው ወደ ውይይት ገጹ ይምጣ ይላሉ። ይመጣል። እዚያ ሲደርስ በምህጻረ ቃል ይቀበሉታል። ሁለት ፊደል እዚህ፣ አራት ፊደል እዚያ፤ እያንዳንዱ ወደ አንድ ረዥም መመሪያ ይወስዳል። አንብቦ ሲመለስ ሌላ ይጠብቀዋል። የውይይቱ አሸናፊ ሁልጊዜ ጊዜ ያለው ነው። ጉዳዩን የሚያውቀው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ አለው፤ ክቡርነትዎ ግን ሁሌም አሉ። በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ የሌላውን ሰው ለውጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መሻር ክልክል ነው የሚለውን ደንብማ እንዴት እንደሚያከብሩት አይቻለሁ። ሦስቱን እርስዎ ይሽራሉ፣ አራተኛውን ጓደኛዎ። የአንዲት የፖላንድ ከተማ ስም ግዳንስክ ይሁን ዳንዚግ በሚል ንትርክ በ2005 ድምፅ እስከ መስጠት ተደርሷል። ቢያንስ እነሱ ቆጥረው ተለያዩ።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከማጥፋትዎ በፊት ምንጩን ራስዎ አንዴ ይፈልጉ። ካገኙት ይጨምሩበት፤ ካጡት ያጥፉ፣ ማንም አይቀየምዎትም። የቆየው ጽሑፍ ሥር የተጠቀሰውን መጽሐፍ ደግሞ አልፎ አልፎ ይፈልጉት። ምናልባት አንድ ሁለት ጦርነት ያስቆሙ ይሆናል።

መልስ ካለዎት ውይይት ገጹ ላይ ይጻፉልኝ፤ ዊኪፔዲያ ላይ ፊርማ በሚሆኑት አራት ምልክቶች (~~~~) መፈረም አይርሱ። ምህጻረ ቃል ብቻ ከላኩልኝ ግን ለጓደኛዎ ይግባኝ እላለሁ፤ አራተኛው ተራ የእሱ ነው።

አክባሪዎ፣
አካውንት የሌለው አራሚ