ድሬ ላይ ማርገዝና ዳላስ ላይ ማርገዝ

ለእረፍት ድሬ ከመጣሁ ጀምሮ አይኔ ያረፈው የወንድሜ ሚስት ላይ ነው፣ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፣ እኔ ደሞ ልጆቼን የወለድኩት ዳላስ ስለሆነ ሳላወዳድር መቀመጥ አልቻልኩም።

እዛ ገና ሆድሽ ሳይገፋ አፕ ትጭኛለሽ፣ ቀጠሮ በሄድሽ ቁጥር ግፊትሽ ይለካል ሽንትሽ ይታያል፣ አሪፍ ነው አልክድም። ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወገብሽን ቆርጦሽ ስትነቂ ያለሽ ስልክሽ ብቻ ነው፣ ጉግል ደሞ ስለ ወገብ ጠይቀሽው ካንሰር ሳያሳይሽ አይለቅሽም፣ ባል ጠዋት ሺፍት አለበት አትቀሰቅሺውም። በዛ ላይ የአሜሪካ ፌደራል ህግ የሚሰጥሽ 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ነው፣ እሱም መስፈርቱን ካሟላሽ፣ ስለዚህ ቀኑን ለህፃኑ ለመቆጠብ ስትይ እግርሽ እያበጠም ትሰሪያለሽ። እዚህ ተቀጣሪ ከሆንሽ 30 ቀን ከወሊድ በፊት 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከነደሞዝሽ ነው (ጉሊት ለምትቸረችር ግን ህጉ ምኗም አይደል)።

እዚህ ከሰዓት ሰፈሩ ሳቢያን ሙሉ በሙቀት ተዘርሮ እሷ ድሪያዋን ለብሳ ምንጣፍ ላይ በጎኗ ትጋደማለች። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም አንዷ ጎረቤት በካርቶን ታራግብላታለች፣ ሌላዋ እግሯን ዘይት ቀብታ ታሽላታለች፣ አንዷ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ስትል አንዷ «አላህ በሰላም ይገላግልሽ» ትላለች። ቃር ሲያቃጥላት «አቦ ፀጉራም ልጅ ነው!» ተብሎ ይሳቃል። ቃሩ እኮ የእርግዝና ሆርሞን የጨጓራን አፍ ስለሚያላላውና ማህፀኑም ከስር ስለሚገፋ ነው፣ እኔ ዳላስ ሆኜ ይሄን ሁሉ አውቄም እንቅልፍ አልነበረኝም፣ እሷ ሳታውቅ ስቃ ትተኛለች።

የሚያናድደኝ ግን ሁሉም ነገር «እርግዝና ነው ያልፋል» መባሉ ነው። ባለፈው ራሴን ፈለጠኝ አይኔም ብዥ አለብኝ ስትል «ሙቀቱ ነው ውሃ ጠጪ» አሏት። ወገብና ቃር ያልፋል፣ ከአምስተኛ ወር በኋላ የሚመጣ ከባድ ራስ ምታት፣ ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ግን የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፣ እናትንም ልጅንም ይገድላል፣ ደም መፍሰስና የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስም እንደዛው ቀን አይሰጥም። በባጃጅ ይዣት ጤና ጣቢያ በረርኩ። ግፊቷም ሽንቷም ደህና ሆነ፣ አዋላጇ ግን እንኳን መጣችሁ አለችን እንጂ አልሳቀችብንም፣ ክትትሉንም እንዳታቋርጥ አስጠነቀቀቻት፣ የአለም ጤና ድርጅት ራሱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት አለባት ይላል። አዋላጇ የአይረን ክኒኑንስ በምን ትውጪዋለሽ ስትላት በቡና አትልም መሰላችሁ! ቡናና ሻይ እኮ አይረኑ ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ይይዘዋል።

አሁን ያቺ ሙቀቱ ነው ያለችው ጎረቤት ራሷ ናት ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆማ «ራስሽስ? አይንሽስ? ልጁ ተንቀሳቀሰ?» እያለች የምታጣራው፣ የትኛውም አፕ እንደሷ አይነዘንዝም። ክኒኑን ማታ በብርቱካን አረግነው። ቡናው ላይ ጤና አዳም ይቅርባት፣ ለእርጉዝ ጥሩ አይደለም ያልኳትን ግን ጎረቤቷ እስካሁን አልተቀበለችኝም፣ ስኒ በቀረበ ቁጥር እየተጨቃጨቅን ነው።