ግብሩ ክፍተቱን ምን ያህል አጠበበ?

የገቢ ግብር ክርክር በተነሳ ቁጥር ሁላችንም የምንሮጠው ወደ አንድ ቁጥር ነው። ሀብታሙ ከመቶ ስንት ይክፈል? አንዱ 35 ይላል፣ ሌላው 45። እኔ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግረንም ባይ ነኝ። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ግብሩ ሳይቆረጥ በሰዎች ገቢ መካከል የነበረው ርቀት፣ ከተቆረጠ በኋላ ስንት ሆነ?

ርቀቱን መለካት አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ኮራዶ ጂኒ ዛሬ በስሙ ጂኒ የሚባለውን መለኪያ ካወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁሉም ሰው እኩል ቢያገኝ ውጤቱ 0 ነው። አንዱ ሁሉን ጠቅልሎ ቢይዝ ወደ 1 ይጠጋል።

ሦስት ሰዎች እንውሰድ። አንዷ 10 ታገኛለች፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 60። ጂኒው 0.33 ነው። አንድ መንግሥት ሁለቱን ትቶ ከባለ 60ው ላይ ብቻ 3 ወሰደ እንበል። ሲያዩት ደስ ይላል፤ ድሃ አልተነካም። ጂኒው ግን 0.32 ላይ ነው፤ ንቅንቅ አላለም ማለት ይቻላል። ሌላ መንግሥት ደግሞ ከመጀመሪያዋ 1፣ ከሁለተኛው 6፣ ከሦስተኛው 18 ወሰደ። ጂኒው ወደ 0.29 ወረደ።

ካክዋኒ የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 የግብር ጫና ምን ያህል ወደ ሀብታሙ እንዳጋደለ የሚለካበት ዘዴ አውጥቷል። በእሱ መለኪያ የመጀመሪያው ግብር 0.33 ያገኛል፣ ሁለተኛው 0.12 ብቻ። ክፍተቱን አራት እጥፍ ያጠበበው ግን ሁለተኛው ነው። ምክንያቱም የመጀመሪያው የሰበሰበው ከጠቅላላው ገቢ 3 በመቶ ሲሆን ሁለተኛው 25 በመቶ ሰብስቧል። የግብሩ ምጣኔ ወረቀት ላይ የቱንም ያህል ቢያስፈራ፣ በተግባር የሚሰበሰበው ትንሽ ከሆነ የሚለወጥ ነገር የለም።

ያቺን 1 የተወሰደባትን ሴት ግን ዝም ብዬ አላልፋትም። 10 ለሚያገኝ ሰው 1 ቀላል አይደለም። የተሰበሰበው 25 በትምህርትና በሕክምና መልክ ለሦስቱ እኩል ቢመለስ፣ እያንዳንዳቸው ከ8 በላይ ይደርሳቸዋል። እሷም ከ9 ወደ 17 ከፍ ትላለች። ካልተመለሰላት ግን ጂኒው ተሻሻለ ብሎ ማውራት ለእሷ ምንም አይደለም። ስለዚህ ግብሩን ከወጪው ነጥሎ መለካት ግማሽ ሥራ ነው።

ጂኒ የማያየው ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያመኝ እሱ ነው። 30 የሚያገኘው ሰው ደመወዝተኛ ነው እንበል። ግብሩ ገና እጁ ሳይገባ ስለሚቆረጥ 24 ይዞ ቤቱ ይገባል። ጎረቤቱ ደግሞ በግሉ ሠርቶ 26 ያገኛል፤ ገቢው ስለማይታይ አምስት ሳንቲም አይከፍልም። ከግብር በፊት ደመወዝተኛው ይበልጥ ነበር፤ ከግብር በኋላ ጎረቤቱ በለጠው። ጂኒ የሰው ስም አያውቅም፤ ማን የማንን ቦታ እንደወሰደ አይነግረንም። አጥኚዎች ይህንን የደረጃ መቀያየር ለብቻው የሚለኩበት ዘዴ አላቸው። የግብር ሕግ በተሻሻለ ቁጥር ግን ይህ ውጤት ለሕዝብ ሲነገር ብዙም አልሰማም።

መለኪያው ራሱ የሚመገበው መረጃም መታየት አለበት። የቤተሰብ ገቢ ጥናቶች እጅግ ሀብታሞችን አብዛኛውን ጊዜ አያገኟቸውም፤ ቢያገኟቸውም ገቢያቸውን አሳንሰው ይናገራሉ። ያልተሸጠ አክሲዮን ዋጋው በእጥፍ ቢያድግ በብዙ ሕጎች እንደ ገቢ አይቆጠርም። የደመወዝተኛው ገቢ ግን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ይታወቃል።

ስለዚህ ቀጣዩ የግብር ረቂቅ ሲቀርብ ሦስት ነገር አብሮ ይውጣ። ከጠቅላላው ገቢ ስንት በመቶ ይሰበሰባል? ክፍተቱ በፊትና በኋላ ስንት ነው? ስንት ሰውስ ግብሩን በአግባቡ ስለከፈለ ብቻ ከጎረቤቱ በታች ይወርዳል?