ሳንቲሙ ብርቅዬ ነው፤ ግን የት ተገኘ?

የሮም ነገሥታትን ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ሲጫወቱ ከሰማችሁ፣ ወሬው ሁሉ «በዓለም ላይ ስንት ቀረ?» ነው። ሦስት ብቻ፣ ሁለት ብቻ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዋጋው ይሰቀላል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው የወጣበት ቦታ ነው ባይ ነኝ።

ዶሚቲያኑስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ81 የነገሠውን ስመ ጥሩን ማለቴ አይደለም። ይሄኛው በ271፣ ሮም ተከፋፍላ ስትናጥ፣ በምዕራብ በኩል «ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ብሎ ተነሥቶ ወዲያው የጠፋ ሰው ነው፤ የጥንት ታሪክ ጸሐፊዎችም ስሙን እግረ መንገዳቸውን ጠቅሰውት ነው ያለፉት። በ1900 ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ ስሙና መልኩ ያለበት አንድ ሳንቲም ተገኘ። ሐሰተኛ ነው ተባለና መቶ ዓመት ያህል ብዙም የሚያምነው ሳያገኝ ቆየ። ከዚያ በ2003 እንግሊዝ ውስጥ፣ ኦክስፎርድ አቅራቢያ ቻልግሮቭ በምትባል መንደር፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞር ሰው 5,000 ገደማ ሳንቲሞች ተጣብቀው የታጨቁበት ማሰሮ ቆፍሮ አወጣ። የብሪቲሽ ሙዚየም ባለሙያዎች ሲያላቅቋቸው ዶሚቲያኑስ ብቅ አለ፤ ያውም የፈረንሳዩ በተመታበት በዚያው ማተሚያ (ምስሉ በተቀረጸበት መምቻ ብረት) የተመታ!

ልብ በሉ፣ ሁለተኛው ሳንቲም ከመጀመሪያው በምንም አይበልጥም። ያው በስም ብር ሆኖ ባመዛኙ መዳብ ነው። የመሰከረለት ከሌሎቹ ሳንቲሞች ጋር ተጣብቆ የወጣበት ማሰሮው ነው። ሰውዬው ሳንቲሞቹን በየፊናቸው በኢንተርኔት ቸርችሯቸው ቢሆን ኖሮ «ሁለተኛው ሐሰተኛ» ተብሎ ይቀር ነበር። የእንግሊዝ ሕግ እንዲህ ዓይነት ግኝት እንዲመዘገብ ያስገድዳል፣ ሙዚየም ከወሰደውም ላገኘው ሰው ይከፈለዋል። ብልህ ሕግ ነው።

አሁን ተቃራኒውን እዩ። ቄሣርን ከገደሉት አንዱ የሆነው ብሩተስ (ንጉሠ ነገሥት አልነበረም፣ ግን ሰብሳቢዎች የሚያብዱለት ሳንቲም የሱ ነው) በ42 ቅድመ ልደት ያስመታው ወርቅ በአንድ ጎኑ የራሱ መልክ፣ በሌላው ሁለት ጩቤ አለበት። በ2020 ለንደን ላይ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። በማን እጅ እንዳለፈ የሚገልጸው ታሪክ ግን የፈጠራ ነበር። የአጫራቹ ድርጅት ኃላፊ ኒውዮርክ ውስጥ ተይዞ በ2023 ጥፋቱን አመነ፣ ሳንቲሙም ለግሪክ ተመለሰ። ከየትኛው መሬት እንደወጣ፣ አጠገቡ ምን እንደነበር ግን ማን ይንገረን? ያ እውቀት ሚሊዮን ቢከፈልበትም አይመለስም።

ይህ ለእኛም ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ የአክሱም ነገሥታት ወርቆችም እዚያው ጨረታ ላይ ከሮም ሳንቲሞች ጎን ይቀርባሉ።

መሰብሰብ ይቅር አልልም፤ የቻልግሮቩን ማሰሮ ያገኘውም የሙዚየም ሠራተኛ ሳይሆን ለራሱ ደስታ የሚዞር ሰው ነው። የቆስጠንጢኖስ ዘመን መዳብ እኮ ሞልቷል፣ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል። እሱኑ ከነወረቀቱ ግዙ። ሻጩ «ከቆየ የአውሮፓ ስብስብ የተገኘ» ብሎ ሊያልፍ ከሞከረ ደግሞ የማን ስብስብ፣ መቼ የተገዛ፣ ደረሰኙስ የታል በሉት።