ሜርኩሪ ይክበርልን

ላፕቶፔን የተዋሰኝ ወዳጄ ሰኞ ጠዋት መልእክት ላከልኝ። "ለሁለት ቀን" ብሎ ከወሰደው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ይቅርታ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሊያስተምረኝ ኖሯል። "ሜርኩሪ ወደ ኋላ እየሄደ ስለሆነ በዚህ ወቅት ዕቃ መቀባበል ጥሩ አይደለም" አለኝ። በኮከብ ቆጣሪዎች ዘንድ ይህ ፕላኔት ወደ ኋላ ሲሄድ ነገር ሁሉ ይሰናከላል። ሲወስደው ሜርኩሪ የት እንደነበረ ግን አልነገረኝም።

እናንተም እንዲህ ያለ ወዳጅ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የሌለው ሰው ካለ ኮከቡ ጥሩ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ማማረሬን ትቼ ዛሬ ላመሰግን ተነስቻለሁ። እንደ ሳምንታዊ የኮከብ ትንበያ ያለ በረከት ከየት ይገኛል? ድሮ ሰው ሲያረፍድ ሰበብ መፍጠር ነበረበት። መንገዱ ተዘጋጋ፣ ልጅ አመመኝ፣ ስልኬ ዘጋ። ሰበብ ደግሞ ይጣራል፤ በዚያው መንገድ የመጣ ሌላ ሰው አይጠፋም። አሁን ጥፋቱ በጣም ሲቀርበን እንኳ 77 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቅ ፕላኔት ላይ ይላከካል። ማን ሄዶ ይጠይቀው? "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ያሉት አባቶች ግማሹን ነው ያዩት። የማይከሰሰውስ ሰማዩ ነው።

ሜርኩሪም ሆደ ሰፊ ነው። ኢሜይል ቢጠፋ እሱ። ለቀድሞ ፍቅረኛ እኩለ ሌሊት ላይ መልእክት ቢላክ እሱ። አንድም ቀን "ኧረ እኔ የለሁበትም" አላለም። ምስኪኑ ግን በዕድሜው ወደ ኋላ ሄዶ አያውቅም! ፀሐይን በ88 ቀን ይዞራል፤ እኛን ዓመት ይፈጅብናል። በውስጥ በኩል ቀድሞን ሲያልፍ ነው ከምድር ለሚያየው ሰው ወደ ኋላ የሚሄድ የሚመስለው። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይህ ይከሰታል፤ በየጊዜውም ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ደምሩት። በዓመት ከሁለት ወር በላይ ማንም በምንም የማይጠየቅበት ጊዜ ተገኘ ማለት ነው። የትኛው አለቃ ነው እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሰጥ?

ወደ ላፕቶፔ ልመለስ። ሰኞና ማክሰኞ ጨረቃ አሰድ ላይ ነበረች፤ እሱ ነው የነገረኝ። አሰድ አንበሳ ስለሆነ "ራሴን የማስቀድምበት ጊዜ ነው" አለ። ከማን እንደሚያስቀድም መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጨረቃ አንድ ኮከብ ላይ ከሁለት ቀን ተኩል ብዙም አትዘልም፤ ታገስኩ። ረቡዕ ሰንቡላ ገባች። "ነገሮችን መልክ የማስያዝበት ቀን ነው" ሲለኝ ልቤ ዘለለች። መልክ ያስያዘው ቁም ሳጥኑን ነው። ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሸሚዞቹ በቀለም በቀለም ተሰቅለዋል። ታች መደርደሪያው ላይ አንድ የማውቀው ግራጫ ነገር አየሁ። ፎቶውን አሰፋሁት። ላፕቶፔ ነው። ላዩ ላይ ካልሲ ተደርድሮበታል፤ ጥንድ ጥንዱን፣ በሥርዓት።

ቅዳሜ ሚዛን ሆነ። ሚዛን ሲባል ፍርድ መስሎኝ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። "ዛሬ ግንኙነቶቼን እየመዘንኩ ነው" አለኝ። የተመዘንኩት እኔ ነኝ። ቀልዬ ተገኘሁ። ሰሞኑን የማወራው ስለ ንብረት ብቻ ስለሆነ ለእድገቱ እንደማልጠቅመው በትሕትና ገለጸልኝ። "በራሴ ላይ እየሠራሁ ነው" አለ። እውነቱን ነው። የሚሠራው በራሱ ላይ ነው፤ የሚሠራበት ላፕቶፕ ነው የኔ።

የዚህ እድገት ሒሳብ አያያዝ ይደንቀኛል። በጠዋት የተነሳ ዕለት ያደገው እሱ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት የተኛ ዕለት ጥፋቱ የጨረቃ ነው። ትርፉ ለግለሰብ፣ ኪሳራው ለሰማይ።

እሑድ ተንኮል አሰብኩ። የወዳጄ ኮከብ ጀዲ ነው። የሑትን ትንበያ ገልብጬ፣ ስሙን ቀይሬ "ያንተ ነው" ብዬ ላኩለት። ላይህ ጠንካራ ቢመስልም ውስጥህ ስስ ነው፣ ያልተጠቀምክበት ትልቅ አቅም አለህ፣ ይላል። ሻይ እንኳ ሳልቀዳ መለሰ፦ "ቁርጥ እኔን!!" ስቄ ሳልጨርስ ትዝ ያለኝ በርትራም ፎረር የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና መምህር ነው። በፈረንጆቹ 1948 ለ39 ተማሪዎቹ "የየግላችሁ የባሕርይ ትንተና" ብሎ ወረቀት አደላቸው። ምን ያህል ይገልጻችኋል፣ ከአምስት ነጥብ ስጡት አላቸው። አማካዩ 4.26 መጣ። ሁሉም የያዙት ቃል በቃል አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነበር፤ አብዛኛው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ የተለቀመ።

ደግሞ ኮከቦቹ ራሳቸው ቦታቸው ላይ የሉም። የምድር ዘንግ እንደ እንዝርት እየተወዛወዘ በ26,000 ዓመት ገደማ አንድ ዙር ይዞራል። ትንበያው ከተደነገገ ወዲህ ባለፉት ሁለት ሺህ ዓመታት ሰማዩ ወደ አንድ ኮከብ ያህል ተንሸራቷል። "እኔ አቅራብ ነኝ፣ ቂም አልረሳም" የሚለን ሰው ሲወለድ ፀሐይ ሚዛን ላይ የነበረች ሊሆን ይችላል። ቆጣሪዎቹ ለዚህም መልስ አላቸው፤ "እኛ የምንከተለው ወቅትን እንጂ ኮከቦቹን አይደለም" ይላሉ። ኮከብ የማይቆጥር ኮከብ ቆጣሪ! ከዚህ በላይ ምን እድገት አለ?

አንድ ነገር ላይ ግን ሽሙጡ አልመጣልኝም። እናቷን ቀብራ የተመለሰች ልጅ አጠገብ ተቀምጦ "ሳተርን ትምህርት እየሰጠሽ ነው፤ ከዚህ አድገሽ ትወጫለሽ" ያለ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን ዓይነት ድፍረት ነው? የሰው እናት የማንም ትምህርት ማስጀመሪያ አይደለችም። ዝም ብሎ እጇን መያዝ አቅቶት ፕላኔት አቀበላት። ልጅቷ "እሺ" አለች። እስካሁን የሚያናድደኝ ያ "እሺ" ነው።

በቃ፣ ተውኩት። ንዴቱ የማርስ ነው መሰለኝ።

ትናንት ማታ ሜርኩሪ ወደ ፊት መሄድ መጀመሩን አነበብኩና ወዲያው ደወልኩ። ወዳጄ ደስ ብሎት አነሳ። አዎ፣ ሜርኩሪ ቀንቶታል፤ ነገር ግን "ጥላው" ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል አለኝ። ጥላ እንዳለው ስላላወቅኩ ታዘበኝ። ከዚያ ኮከቤን ጠየቀኝ። ሸርጣን ነኝ አልኩት። "አሃ" አለ፤ ነገሩ ሁሉ የተገለጠለት መሰለ። "ሸርጣን የያዘውን መልቀቅ ይከብደዋል።"

ይህን ብሎ ትንሽ ዝም አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር አነሳ። ባትሪው አልቋል። ቻርጀሩን ብልክለት ደስ ይለዋል።