ክብር ለአውራ ጣት

ሐውልት የሚገባው አንድ የሰውነት ክፍል አለን። አውራ ጣት። ድሮ ሥራው ትንሽ ነበር። እንጀራ ሲቆረስ ያግዛል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቀለም ነክሮ ይፈርምበታል። በቃ። ዛሬ ግን ቤቱን ዘግቶ ለሚውል አዋቂ ሰው አጫዋቹም አስተዛዛኙም እሱ ሆኗል።

እኔ እሑድ እሑድ ብቻዬን ነው የምውለው። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። ሰኞ መሥሪያ ቤት «ትናንት ምን ስትሠራ ዋልክ?» ሲሉኝ «አረፍኩ» እላለሁ። ውሸቴን ነው። እንደ እሑድ የምለፋበት ቀን የለም።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዓይኔን እገልጣለሁ። «ለአምስት ደቂቃ ስልኬን አየት አድርጌ ልነሳ» እላለሁ። አንድ ሰው ደረጃ ላይ ሲንሸራተት አያለሁ። አንዲት ሴት ሽንኩርት ስትከትፍ አያለሁ። ድመት አያለሁ። የማላውቀው ሰውዬ ከማላውቃት ሚስቱ ጋር ለምን እንደተፋታ ይነግረኛል፤ ክፍል 1፣ ክፍል 2 እያለ። ክፍል 7 ላይ ልክ ጉዱ ሊወጣ ሲል «ቀጣዩን ለማየት ፎሎው አድርጉ» ይላል። አደርጋለኋ! ምን ላድርግ፣ የሰው ትዳር ሜዳ ላይ ጥዬ አልሄድ። ቀና ስል 6 ሰዓት ሆኗል። ፊቴን አልታጠብኩም። ብርድ ልብሱ ውስጥ ነኝ። አውራ ጣቴ ግን በዚያች ጠዋት ስንት ጋሻ መሬት አርሷል።

ለዚህ የምናመሰግነው ሰው አለ። አዛ ራስኪን ይባላል። በፈረንጆቹ 2006 የኢንተርኔት ገጽ ማለቂያ እንዳይኖረው የሚያደርገውን ዘዴ የሠራ ባለሙያ ነው። ከዚያ በፊት ገጹ ያልቅና «ቀጣይ» የምትል ነገር መጫን ነበረብህ። ሰው እዚያች ላይ ለአፍታ ያስባል። ልብስ ዘፍዝፎ እንደነበር ትዝ ይለዋል። ራስኪን ያችን ቀዳዳ ደፈናት። ኋላ ላይ ሰውዬው መጸጸቱን ተናገረ። ምን እንዳስጸጸተው አይገባኝም። መጽሐፍ እንኳ የመጨረሻ ገጽ አለው። ቡና እንኳ በረካ ላይ ያበቃል። ማለቂያ የሌለው ነገር እስከ ዛሬ የምንጠብቀው በሰማይ ብቻ ነበር።

የእናቶቻችንን ዘመን ሳስብ ግን አዝናለሁ። ብቻቸውን ሲሆኑ ኪሮሽ አንስተው ዳንቴል ይሠሩ ነበር። እናቴ ለቴሌቪዥኑ ሠራች። ለሬዲዮኑ ሠራች። ለሶፋው ጀርባ፣ ለሶፋው እጅ፣ ለውሃው ጆግ፣ ከላይ ጨሌ የተንጠለጠለበት። ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያልለበስን እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። ያ ሁሉ ድካም ለምን? ደግሞ የዚያ ዓይነት ጊዜ ማሳለፊያ ክፋቱ ማስረጃ ይተዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ ዳንቴል እዚያው ተዘርግቶ «በዚህ ክረምት ይኼን ሠራሁ» እያለ ይመሰክራል። የእኛ ንጹሕ ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ ትውልበታለህ፤ ክር አይተርፍ፣ ፍርፋሪ አይወድቅ። መርማሪ ቢመጣ ቀኑ የት እንደገባ አሻራ አያገኝም።

«ሌላ ነገር ለምን አትሞክርም?» የሚሉኝ አሉ። ሞክሬያለሁ! ክራር ገዝቻለሁ፣ ባለ ስድስት ክር። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን እንዴት እንደሚቃኙ የሚያስተምር ልጅ ስልኬ ላይ አለ። ቪዲዮዎቹን አንድም ሳላስቀር አይቻለሁ። ዛሬ ስለ ክራር ለፈለገ ሰው ትምህርት መስጠት እችላለሁ። ክሩን የነካሁት ግን ሻጩ «ሞክረው እስቲ» ሲለኝ ብቻ ነው። አሁን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቻርጀር ገመድ ይንጠለጠልበታል። በረንዳ ላይ ደግሞ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ጤና አዳም ተክዬ ነበር። ውሃ መቼ መቼ መጠጣት እንዳለበት የሚያስረዳ ቪዲዮ እያየሁ ደረቀ። ምግብ ማብሰል ካላችሁ፣ ሴቭ ያደረግኩት የዶሮ ወጥ አሠራር ብቻ 23 ደርሷል። የ12ቱንም ብልት ስም እየጠራሁ እንዶሚ እበላለሁ።

በየሳምንቱ ስልኬ ሪፖርት ይልክልኛል። ባለፈው «በቀን በአማካይ 7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ» አለኝ። ከቀደመው ሳምንት በ12 ከመቶ ጨምሯል አለ። በሕይወቴ ውስጥ ሌላ በ12 ከመቶ የጨመረ ነገር ፈልጌ የቤት ኪራዬን ብቻ አገኘሁ። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም ይባላል። እኔ ግን ይኸው በየሳምንቱ ራሴን እየቀደምኩ ነው።

ደግሞስ ብቻዬን ነኝ እንዴ? «ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም» ተብሏል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቲክቶክ ላይቭ ስገባ 3 ሺህ ሰው ይጠብቀኛል። ሁሉም እንደ እኔ ቤቱን ዘግቶ የተጋደመ ነው። ማች ይባላል ጨዋታው። ሁለት ሰዎች ስክሪኑን ለሁለት ተካፍለው ለ5 ደቂቃ ይፋለማሉ። ፍልሚያው ሌላ አይደለም፤ መለመን ነው። «ታፕ ታፕ ቤተሰብ! እንዳታስደፍሩኝ!» የተሸነፈ ዱቄት ይደፋበታል፣ ወይ ውሃ። የሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ፊቱን ዱቄት ተቀብቶ «አመሰግናለሁ ቤተሰብ» ሲል ደስ የማይለው ካለ እሱ ጨዋታ አያውቅም።

ተመልካች በኮይን፣ ማለትም በቲክቶክ ገንዘብ፣ ገዝቶ የሚልከው ስጦታ ማዕረግ አለው። ጽጌረዳ 1 ኮይን ናት። አንበሳ 29,999 ኮይን ነው፤ ወደ 400 ዶላር ይጠጋል። እዚህ ላይ የባህላችን ትንሣኤ አለ። አያቶቻችን አንበሳ ገድለው ጎፈሩን ለብሰው ይፎክሩ ነበር። በረሃ መውረድ ነበረባቸው፣ ጦር መያዝ ነበረባቸው፣ አንዳንዴም አንበሳው ነበር የሚፎክረው። ዛሬ ዋሽንግተን ወይ ዱባይ ያለ ወንድማችን ሶፋው ላይ በጎኑ ተጋድሞ አንበሳ ይወረውራል። አንበሳው ያገሳል። ስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል። «ጀግና! የክፉ ቀን ወንድም!» ይባላል። በማግስቱ ሁለት ሽፍት ደርቦ ይገባል፤ ጎፈር ድሮም በነፃ አልተለበሰም። እኅቱ ለኪራይ ስትጽፍለት «እጅ አጥሮኛል» ያላት መቼም ሌላ ሰው መሆን አለበት።

እኛ አገር ቤት ያለነው ጽጌረዳ እንልካለን። ጽጌረዳም ካጣን ጣታችንን እናዋጣለን። ታፕ፣ ታፕ፣ ታፕ። መብራት ሲሄድ እንኳ ፓወር ባንክ አለ።

ባለፈው እሑድ ይኼን ሁሉ በረከት ለእናቴ ላካፍላት አሰብኩ። ክፍለ ሀገር ብቻዋን ነው የምትኖረው። በኢሞ እንድንተያይ ብዬ መስከረም ላይ ስልክ ገዝቼላት ነበር። ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ። አታነሳም። ሦስተኛው ላይ ሆዴ ቦጭ አለ። ጎረቤቷ ጋ ልደውል ስል ራሷ ደወለች።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ለምን አታነሺም?»

«ምን እሆናለሁ። ማች ላይ ነበርና። ያቺ የኛ ልጅ ልትሸነፍብን ነበር።»

«የኛ ልጅ ማናት ደግሞ?»

«ትናንት ዱቄት የደፉባት ናታ! ስታሳዝን።»

ስልኩን ወዲያ ወዲህ ስታደርገው መጀመሪያ ጣሪያው፣ ከዚያ ጆሮዋ፣ ከዚያ ጠረጴዛው ታየኝ። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ዳንቴል ተዘርግቷል። ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሮዝ። ልክ በስልክ መጠን።

«ዳንቴል ጀመርሽ እንዴ?»

«ለስልኩ ነው፣ እንዳይንሸራተትብኝ። የመጨረሻዬ ነው እንግዲህ። ጊዜው የት አለ ብለህ ነው?»

ልመልስ አፌን ስከፍት ከለከለችኝ።

«በል ዝጋው ልጄ፣ ሁለተኛው ዙር ሊጀመር ነው። አንተም ዝም ብለህ ከምትውል ግባና ታፕ አድርግላት።»